ወደ ድንጋዩ የማይወስዱ ምልክቶች

መስከረም 28

ለኮምፓስ፣
በጥበቃ ጣቢያው በር፣

«በሰላም ገቡ ወይ?» ብለህ በዕቃ መኪናው ሾፌር ለላክኸው ብጣሽ ወረቀት መልሴ፦ ገብቻለሁ። ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ባለፈው ቅዳሜ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠይቄሃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው በር ላይ፣ ያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥክ «እግዜር ይመስገን» ብለኸኛል።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የወንድሜ መታሰቢያ ድንጋይ በየት በኩል ነው ብዬ ስጠይቅህ፣ ዓይንህን እንኳ ሳታርገበግብ «ነጩን ቆርቆሮ ይከተሉ» አልከኝ። ተከተልኩ። በየዛፉ በሽቦ የታሰረችውን መዳፍ የምታክል ቆርቆሮ ሁሉ እየቆጠርኩ ተከተልኩ። ሠላሳ አራት ናቸው። ሠላሳ አምስተኛዋ ያንተው በር ላይ ተሰቅላለች። አምስት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ስደርስ «እንኳን ደህና መጡ» አልከኝ። መንገድ የሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ፣ ራሴን ወቅሼ፣ ዱላዬን ይዤ እንደገና ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና «እንኳን ደህና መጡ»። ዞሮ ዞሮ ከቤት ሲባል እሰማ ነበር፤ ዞሮ ዞሮ ከዘበኛ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጉልበቴን እያሸሁ በሩ ላይ ያለውን የጎብኚዎች መዝገብ አነበብኩት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈርሟል። አንዱ «መንፈሴ ታደሰ» ይላል። አንዷ «ድንጋዩ ፊት ቆሜ አለቀስኩ» ትላለች። የትኛው ድንጋይ ፊት? ለመሆኑ ድንጋዩ አለ ወይ?

የምጨቃጨቀው ደስ ብሎኝ አይደለም። ታኅሣሥ 20 ቀን ቀኝ ጉልበቴ ይቀየራል። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ደረጃ እንደሚፈቀድልኝ፣ ተራራ ግን ከሐሳቤ እንዳወጣ ነግሮኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁና የቀረኝን ማስላት አያቅተኝም፦ አሥራ አንድ ሳምንት ከአምስት ቀን። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወንድሜ ያለበት ካልደረስኩ አልደርስም ማለት ነው።

ኮምፓስ ብሎ ስም ያወጣልህ እሱ ነው አሉ። ቀልዱ አሁን ገባኝ።

የአለቃህ ታላቅ እህት

*

ጥቅምት 6

ለተከበሩ እትዬ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ግራውስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ባልደረባዬም አልጋ ላይ ከመዋሉ በቀር ደህና ነው። ዝናቡ ቆሟል። የበሩ ማጠፊያ ተጠግኗል። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ግን እንዳዩት ነው።

ስለ ቅዳሜው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ፊትዎን አይቼ ልናገር ብዬ ነበር፤ በምትኩ ውሃ ሰጠሁዎ። በሦስተኛውም ውሃ ሰጠሁዎ። ከውሃ ሌላ ለመስጠት አልተፈቀደልኝም።

ስለ መዝገቡ ላነሱት፦ እነዚያ ሰዎች ዋሽተዋል ብዬ አልከስም። ሰው ሙሉ ቀን ተራራ ወጥቶ ወርዶ «አላየሁም» ማለት ያሳፍረዋል። ሴትዮዋም ማልቀሷ እውነት ነው፤ እኔው አጠገቧ ነበርኩ። አዲስ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት ነበር። በጠቅላላው «ድንጋይ የሚባል አላየሁም» ብለው የጻፉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያንንም በቀይ እስክሪብቶ።

ድንጋዩ አለ። በሚገባ ይጠበቃል። የት እንዳለ ግን አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍም አልጽፍም። ይህ ደብዳቤ በሾፌሩ እጅ ያልፋል። ሾፌሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ያነባል።

አክባሪዎ፣
ጠባቂው

*

ጥቅምት 20

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን አሉ? በ13 የጻፉልኝ አምስት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ፖስታውን በሰም አሽገው መላክዎ ሾፌሩን በጣም አሳዝኖታል፤ «ምን በደልኳቸው?» አለኝ። እኔም ይህን በሰም አሽጌዋለሁ። አሁን ከሁለታችንም ጋር አይነጋገርም።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ፦ አዎ፣ ቆርቆሮዎቹን የማንቀሳቅሳቸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይዤው ነበር።

ለሁለተኛው፣ ለምን ለሚለው፣ መመሪያ ቁጥር 14ን እንዳለ እገለብጥልዎታለሁ። አለቃ በእጁ ጽፎ ግድግዳው ላይ የለጠፈው ነው፦ «ከላይኛው ምንጭ በላይ የሚወስድ ማንኛውም ምልክት በየወሩ መባቻ ቦታው ይቀየር። አዲሱን መስመር የሚያውቀው የቀየረው ጠባቂ ብቻ ይሁን። ለማንም አይነገር። እንግዳ ባለበት እኔም ብጠይቅ አይነገረኝ።»

ይህ የወጣበት ምክንያት አለው። ከምንጩ በላይ አጋዘኖቹ ወጥተው የሚልሱት ጨዋማ አፈር አለ። አዳኞች እኛ ለራሳችን የሰቀልነውን ምልክት ተከትለው ወጡና በአንድ ሳምንት ስድስት ገደሉብን። አለቃ ስድስቱንም በእጁ ቀበረ። በማግስቱ ቁጥር 14ን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ላይ አንድም አልሞተም።

ለሦስተኛው፣ «ታዲያ የወንድሜን ድንጋይ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» ላሉት፦ የመታሰቢያ ኮሚቴው ቦታውን የመረጠው ከፎቶግራፍ ላይ ነው። አለቃ ተንበርክኮ የሚስቅበት፣ ቢሮው ውስጥ በትልቁ የተሰቀለው ፎቶ አለ። «በሕይወቱ በጣም የተደሰተበት ቦታ» ብለው ወሰኑ። የተደሰተው አጋዘኖቹ ስለተመለሱ ነበር። ይህ ቦታ አይሆንም ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ «ደርሷል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰልኝ። አሥራ ስድስት ተሸካሚ በሁለት ቀን አወጣው። በጨው አፈሩ መኻል ተከሉትና ፎቶ ተነሥተው ወረዱ። በሚቀጥለው ሳምንት ጎብኚ መምጣት ጀመረ። ስለዚህ ወደ ድንጋዩ የሚወስደው መንገድ በቁጥር 14 ሥር ወደቀ። እኔ አልጣልኩትም።

ለአራተኛው፦ መመሪያው እንዲሻር ለዋናው ቢሮ ጽፌ ነበር። ሟቹ ያወጡትን መመሪያ መሻር የሚችለው የእሳቸውን ቦታ የያዘ ኃላፊ ነው አሉኝ። ቦታው ክፍት ነው። መቼ ይሞላል ብዬ ጻፍኩ፤ በመመሪያው መሠረት አሉኝ።

ለአምስተኛው፣ «አንተው ይዘኸኝ ብትወጣስ?» ላሉት፦ ቁጥር 15 ጠባቂ እንግዳ አስከትሎ ከምንጩ በላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ቁጥር 16 «ዘመድም ቢሆን» ይላል።

እኔም ደክሞኛል እትዬ።

ጠባቂው

*

ጥቅምት 26

ኮምፓስ፣

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኛው ጥቅምትንም ይዞ ገባ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ባንተ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በኮሚቴው፣ በመጨረሻ በሟቹ። እሱ ላይ ስደርስ ንዴቱ የቆየ ሆኖ አገኘሁት። ይህ ሰው በዘጠኝ ዓመቱ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከሌባ ደበቀ። ሌባ አልመጣም፤ ቁልፉም እስከ ዛሬ አልተገኘም። አባታችን ሳጥኑን በመጥረቢያ ነው የከፈተው። «ለእኔም አይነገረኝ» ያለው ስለ ትሕትና እንዳይመስልህ፤ ራሱን ያውቃል።

የኮሚቴውን ሰብሳቢ ቢሮው ድረስ ሄጄ አነጋገርኩት። ድንጋዩ ያለበት ቦታ ጨዋማ መሆኑን ስነግረው ጨው ለድንጋይ ይስማማል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የተከላችሁ ግን እናንተ ናችሁ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ መፍትሔ አመጣልኝ፦ የድንጋዩን ትክክለኛ ቅጂ አሠርተው በቢሮው ግቢ፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ይተክሉታል፤ እኔም ያለ ጉልበት ሕመም በማንኛውም የሥራ ቀን መጎብኘት እችላለሁ። ቢያንስ የግራ ጉልበቴ አሁንም ይሠራል፤ ተነሥቼ ወጣሁ።

አሁን ለብቻዋ አጥፈህ፣ ከደብዳቤው ኋላ ወደ ሸጎጥካት ብጣሽ ልምጣ። «በሕይወቱ ሳለ ለምን አልመጡም?» ትላለች። ይህን ለመጠየቅ ሰም ያስፈለገህ ይመስላል።

ሃያ ሁለት ዓመት ጠርቶኛል። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያቆም «እቴ፣ ዘንድሮ ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብሎ ይጽፋል። እኔም በየዓመቱ ሥራ አለብኝ ብዬ እመልሳለሁ። ፈተና አለ፣ የማርከው ወረቀት አለ፣ ሪፖርት ካርድ አለ። ጡረታ ስወጣ ደግሞ ቤቱን ላሳድስ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፦ ሰው ትዳር ሳይዝ፣ ቤት ሳይሠራ ፍየል ጥበቃ ጫካ መግባቱ ያበሳጨኝ ነበር። አጋዘን ነው እንጂ ፍየል አይደለም ብሎ ሃያ ሁለት ጊዜ አርሞኛል። በቃሬዛ ሲያወርዱት መኪና መንገድ ሳይደርስ ልቡ ቆመ አሉኝ። ድንጋዩ ሲተከልም ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ ቀረሁ። ያኔ ጉልበቴ ደህና ነበር።

ስለዚህ አሁን በእውነት ታምሜ፣ በእውነት እየቸኮልኩ፣ ልየው ስል አንተ ቁጥር 16 ትለኛለህ። እንደምንም አንድ ነገር ፈልግ። ሰባት ሳምንት ከአምስት ቀን ቀርቶኛል።

ታላቅ እህቱ

*

ኅዳር 4

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ነገሩ በቀጥታ እገባለሁ፤ መንገዱን ሲያረዝሙብዎ እንደማይወዱ ተምሬያለሁ።

መመሪያዎቹን ከቁጥር 1 ጀምሬ እንደ አዲስ አነበብኳቸው። ቁጥር 15 እና 16 የሚከለክሉት እንግዳ ነው። ቆጣሪ ግን እንግዳ አይደለም። ታኅሣሥ 10 የዓመቱ ቆጠራ ነው። በቁጥር 3 መሠረት ሁለት ቆጣሪዎች ከጨው አፈሩ አርባ እርምጃ ርቆ ባለው መደበቂያ ውስጥ ከንጋት እስከ ስድስት ሰዓት ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ቆጣሪ ብዙውን ጊዜ ባልደረባዬ ነበር። እሱ አሁን ወንበር ላይ መቀመጥ እንጂ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ለሱ በሩን፣ ለሌላ ሰው መደበቂያውን መስጠት ይቻላል። ከውጭ ቆጣሪ መውሰድ አዲስ ነገር አይደለም፤ አለቃም ያደርገው ነበር።

ከቆጣሪ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። መቁጠር፣ በሚነበብ ጽሑፍ መጻፍ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዝም ማለት። አለመናገር፣ አለመነሣት፣ አለማሳል። ሦስተኛው በፈተና አይለካም፤ እርስዎን በተመለከተ ግን አሳስቦኛል።

የመጀመሪያው ፈተና አለው። በፖስታው ውስጥ ያለውን ትልቅ ፎቶግራፍ ይመልከቱ። አለቃ ራሱ ያነሣው ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አጋዘኖቹን ቆጥረው ቁጥሩን ይላኩልኝ። ሰዓት የሚይዝልዎ ሰው ይፈልጉ። መልሱ ጣቢያው ውስጥ በተቆለፈ ሣጥን ነው ያለው፤ ቁልፉ አልጠፋም።

አደራ፣ ተጠንቅቀው ይቁጠሩ። ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ጠባቂው

*

ኅዳር 10

ኮምፓስ፣

አሥራ ዘጠኝ።

ሰዓት የያዘችልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ምስክር ናት። በአርባ ሰከንድ ጨረስኩ። የቀሩኝን ሃያ ሰከንዶች የፎቶውን ጥራት በመተቸት አሳለፍኩ።

የተራራ ጫማ ገዝቻለሁ። እቤት ውስጥ ተጫምቼው እዞራለሁ።

ታላቅ እህቱ

*

ኅዳር 18

ለተከበሩ እትዬ፣

ይህን ከመጻፍ የወጥ ቤቱን ጣሪያ ብጠግን እመርጥ ነበር፤ ጠገንኩትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰበብ አጣሁ።

በአክብሮት የምገልጽልዎ፣ ፈተናውን ወድቀዋል። ትክክለኛው መልስ አሥራ ስምንት ነው።

እንዳይከፋዎ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ብለው የወደቁ ሌሎች ሰባት ሰዎች አሉ። አንዱ የሚስቴ ወንድም ነው። ዓይንህ አንዱን ሁለት አድርጎ ያያል ብዬ መለስኩት፤ ከዚያ ወዲህ እሱ እኔን አንድም አድርጎ አያየኝም። የተሳሳተ ቆጠራ ካለመቁጠር ይብሳል ይል ነበር አለቃ። አንድ የጨመረ ሰው፣ አንድ ስትሞት አያውቅም።

በእውነት አዝኛለሁ። መኪና ማቆሚያው አጠገብ የሚተከለው ቅጂ ጥሩ ይሠሩታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጠባቂው

*

ኅዳር 24

ኮምፓስ፣

ፎቶውን መልሼልሃለሁ። አጉሊ መነጽር ፈልግ፤ ከሌለህ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ እያሳለፍክ እይ።

ከታች በስተቀኝ ወፍራም ግንድ አለ። ከግንዱ ኋላ አንዲት አጋዘን ቆማለች፤ ጭንቅላቷና ደረቷ በግራ ወጥቷል፣ ጭራዋ በቀኝ። ወንድሜ አንድ ብሎ ቆጥሯታል፤ አንተም፣ አለቃህ ስላለ። አሁን ጭንቅላቷን ተወውና ወደ ሣሩ ውረድ። እግር ቁጠር። ከግንዱ በግራ ሁለት አሉ። በቀኝ ሁለት አሉ። በግራዎቹ መኻል ደግሞ ሁለት ቀጫጭን አሉ፤ ጉልበታቸው ከእናቲቱ ጉልበት ዝቅ ይላል። ሁለትና ሁለት፣ ደግሞ ሁለት። የኔ ወንድም ስለ እንስሳት ከኔ የበለጠ እንደሚያውቅ አልክድም። ነገር ግን እኔ ሳስተምር እስከ ነበርኩበት ቀን ድረስ፣ ስድስት እግር ያለው አጋዘን የለም።

ግልገል ናት። ከእናቷ ኋላ ተደብቃለች። እሱ ፎቶ ሲያነሣ አንገቱን ቀና አድርጎ ቀንድ ቀንድ ነው የሚያየው፤ በልጅነቱም የዳቦውን ብዛት ትቶ ትልቁን ነበር የሚፈልገው።

ያሳለፍካቸው ሁሉ የተሳሳቱ ናቸው ማለት ነው። የጣልካቸው ሰባቱ ልክ ነበሩ። ከኔ ጋር ስምንት።

አሁን ምርጫው ያንተ ነው። ወይ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ታምናለህ፣ ወይ ፎቶውን። የወረቀቱ ባለቤት ሞቷልና ሊቀየምህ አይችልም። እኔ ግን በሕይወት አለሁ፤ እቀየምሃለሁ።

ታላቅ እህቱ

*

ታኅሣሥ 2

ለተከበሩ እትዬ፣

ስድስት ናቸው።

መጀመሪያ በመነጽር አየሁ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ባልደረባዬን ከአልጋው አስነሥቼ ምንም ሳልነግረው እግር ቁጠር አልኩት። ስድስት አለና «ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ፎቶ አሥራ አንድ ዓመት እያየሁ ነው። በየዓመቱ አውጥቼ አቧራውን እጠርጋለሁ።

ግድግዳው ፊት ለፊት ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። በዚህ ጣቢያ በአለቃ ጽሑፍ ላይ እስክሪብቶ ያሳረፈ ሰው የለም። ሲሞት ሦስት ቦታ ፊደል የዘለለበት መመሪያ ነበር፤ እንደ ዘለለ ነው ያለው። እንግዲህ ቁጥሩ ከተሳሳተ ቁጥር 14ስ? ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከዚህ በፊት መጥቶብኝ አያውቅም። ያመጡብኝ እርስዎ ነዎት፤ አላመሰግንዎትም። ቤተሰባችሁ በሙሉ እንዲህ ነው ወይስ ሁለታችሁ ብቻ?

ቁጥር 14ን አልነካሁትም። ስድስቱ የተቀበሩበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ያ ትክክል ነው። የመልሱን ወረቀት ግን ከሣጥኑ አወጣሁ። አሥራ ስምንትን አልሰረዝኩም። ከሥሩ «አሥራ ዘጠኝ። አለቃ ግልገሏን አላየም። ጠባቂው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። 

ትናንት የሚስቴ ወንድም ቤት ሄጄ ነበር። በሩን ከፍቶ አየኝና መልሶ ዘጋው። በሩ ላይ ሆኜ ልክ ነበርክ አልኩት። «ስንት ዓመት ቆይተህ?» አለኝ ከውስጥ። ነገርኩት። ገና አልከፈተም፤ ግን ዝግ በር ላይ ሆነን ግማሽ ሰዓት አወራን።

ፈተናውን አልፈዋል። ታኅሣሥ 9 ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ይድረሱ። ቀስ ብለን ወጥተን ምንጩ አጠገብ ካለው ጎጆ እናድራለን። ድምፅ የማይሰጥ ልብስ ይልበሱ። አዲሱ ጫማዎ የሚጮህ ከሆነ ይተዉት። ከምንጩ በላይ ወዴት እንደታጠፍን ለማንም አይናገሩ፤ ለልብስ ሰፊዋም።

ጠባቂው

*

ታኅሣሥ 18

ኮምፓስ፣

የምጽፍልህ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ጉልበቱ ከነገ ወዲያ ነው፤ ለሁለት ቀን የሚያስተኙኝ ደሜን ለመመርመር ነው ይላሉ። ደሜ ደህና ነው፤ ከፍ ያለው ግፊቱ ነው። ሐኪሙ ይህ ጉልበት ከወር በፊት ካየው በጣም የባሰበት ምን ቢሠራበት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቆጠራ አልኩት።

ሰብሳቢው ዛሬ ጠዋት ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። መውጣቴን ከየት እንደሰማ እንጃ፤ ሾፌሩን እጠረጥራለሁ። ድንጋዩ እንዴት ነው፣ መንገዱስ በየት በኩል ነው አለኝ። ለኮሚቴው ሪፖርት ያስፈልገዋል። ብርቱካኑን ተቀብዬ አመሰገንኩትና እንቅልፌ መጣ። ስምና ዘመን የተጻፈበትን ገጽ ግማሹን አጋዘን ልሶ እንደጨረሰው ብነግረው ብረት አጥር ያጥርበታል። ባስያዝከኝ ማቅረቢያ መነጽር እንዳየሁት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የሉም። የተወለደበት ዓመትም የለም። እኔ አውቀዋለሁና ችግር የለውም።

የቆጠራ ቅጹን እንደጠየቅኸኝ አስተካክዬ ልኬዋለሁ፦ ሃያ ሦስት። ሴት አሥራ አራት፣ ወንድ አምስት፣ ግልገል አራት። ግልገሎቹን እግራቸውን አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ያሳለኝ ጉዳይ «አስተያየት» በሚለው ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሳል አልነበረም፤ ሌላ ነገር ነው፤ አንተም ዞር ብለህ አላየህም፤ አጋዘኖቹም።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል እጅህን አንሥተህ «ጨርሰናል» የሚል ምልክት ሰጠኸኝ። ከዚያ ፊትህን ወደ ጫካው አዙረህ፣ ጎንበስ ብለህ ጫማህን ማሰር ጀመርክ። ብዙ ቆየህ። ያደረግኸው የላስቲክ ቦት ነበር፤ ማሰሪያ የለውም። የገባኝ ወዲያው ነው። አርባ እርምጃ ናት፤ ሄዳ ትመለስ፣ እኔ አላየሁም ማለትህ ነበር። ያን ወረቀት ከፈረምክ በኋላ ሁለተኛውን ፊርማ ነው የሰጠኸኝ። «ለምን አልተነሡም?» ትላለህ። እንደዚያ ጨቅጭቀውኝ፣ አለቃ ተሳስቷል አሰኝተውኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልተነካ ነገር አስነክተውኝ፣ ለምን አልሄዱም? ብለህ ብትቆጣኝ ልክ ነህ።

መንጋው ሄዷል ብለህ ነው እጅህን ያነሣኸው። አንዷ አልሄደችም ነበር። አንተ ከተቀመጥክበት የመደበቂያው ጫፍ ድንጋዩ ይጋርዳታል። ከጥላው ሥር ግልገሏን አስተኝታ ቆማለች፤ አንገቷን አዙራ ስሙ በቀረበት በኩል ትልሳለች። ግልገሏ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ዓይኗን ጨፍናለች።

ሃያ ሁለት ዓመት «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» ሲለኝ ሥራ አለብኝ ብዬ አስጠበቅሁት። አርባ እርምጃ ላይ ደርሼ ሳየው እሱ ሥራ ላይ ነበር። እኔ ሳስተምር በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው አልወድም ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ እንኳ በመስኮት አይቶኝ፣ እስክጨርስ ኮሪደሩ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ቁጭ አልኩ። እስኪጨርስ ጠበቅሁት። አልጨረሰም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወረድን።

ታላቅ እህቱ